የአጎቴ ጣቶችና ትንሹ አይሮፕላን

እንጦጦ ማርያም አጠገብ ተወልዶ ያደገ ሰው አይሮፕላንን የሚያየው ከላይ ነው። ይኸን ስል አንባቢ «ምን ማለቱ ይሆን?» ሳይል አይቀርም፤ ነገሩ ግን ቀላል ነው። መስቀል አደባባይ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ያህል ከፍታ አለው። የእኛ ቤተ ክርስቲያን የተተከለበት ተራራ ደግሞ 3,000 ሜትር ይደርሳል። እንግዲህ በበዓል ቀን ተዋጊ አይሮፕላኖች ከአደባባዩ በላይ ዝቅ ብለው ሲያልፉ የከተማው ሕዝብ አንገቱን አቅንቶ ሆዳቸውን ያያል፤ እኛ የእንጦጦ ልጆች ግን ከአጥሩ ሥር ተቀምጠን ጀርባቸውን ቁልቁል እንመለከት ነበር።

በልጅነቴ፣ በደርግ ዘመን፣ መስከረም 2 ቀን የአብዮት በዓል ሲውል የሰልፉ ማርሽ እኛ ዘንድ አይደርስም፤ ነፋሱ ወደ ሌላ ይወስደዋል። አይሮፕላኖቹ ግን ድምፃቸው ከመድረሱ በፊት ጀርባቸው በፀሐይ ብልጭ ሲል ይታየን ነበር። ከነሱ መካከል ሚግ-21 የተባለው፣ ከአብራሪው መቀመጫ ኋላ ተነሥቶ እስከ ጭራው የሚዘልቅ እንደ በሬ ሻኛ ያለ ጉብታ አለው። ይኸ ጉብታ በመጀመሪያዎቹ ሚግ-21ዎች ላይ ቀጭን እንደ ነበረ፣ መሣሪያና ነዳጅ በጨመሩበት ቁጥር ግን እየወፈረ እንደ ሄደ ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ባለቤቴ እንደምትለው የተበላሸሁት ያን ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ አንድ አይሮፕላን ባየሁ ቁጥር ስሙ ምንድን ነው ሳይሆን «የስንተኛው ጊዜ ሥራ ነው? ምኑ ተለወጠ?» እያልሁ እጠይቃለሁ።

ሙያዬ ሰው ሠራሽ ጥርስ መሥራት ነው። ጠዋት በሽሮ ሜዳ በኩል ቁልቁል ወርጄ ቀኑን ሙሉ ሰም ስቀርጽ፣ ጄሶ ሳፈስ፣ አክሪሊክ ስሞርድ እውላለሁ። ጥርስ ምሕረት የማያውቅ ነገር ነው፤ የፀጉር ውፍረት ያህል ከፍ ካለ ሰውየው ምሳውን በሰላም አይበላም። ማታ ቤቴ ስገባ እጄ ያንኑ ልማድ ይዞ ይገባል። እራቴን በልቼ፣ መብራት ካለ፣ ከመስኮቱ አጠገብ ባለችው ጠረጴዛ ላይ ትንንሽ ጄት አይሮፕላኖች እሠራለሁ። እንግዳ የመጣ እንደ ሆነ «የልጆቹ መጫወቻ ነው?» ይላል፤ እኔም አዎ ብዬ አልፋለሁ። ማስረዳቱ ከመሥራቱ ይበልጥ ያደክማል።

የመጀመሪያውን የሠራሁት በ12 ዓመቴ ከጥድ እንጨት ነው። ባሕር ዛፍ ሞክሬ ነበር፤ ተራራችንን የሸፈነው እሱ ስለ ሆነ ሌላ የሚቀርብ አልነበረም። ዳሩ ግን ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል፤ ክንፉን ሰኞ ብትቀርጸው ዓርብ ሌላ አይሮፕላን ሆኖ ታገኘዋለህ። ዐፄ ምኒልክ ያስመጡት ለማገዶና ለቤት መሥሪያ እንጂ ለእኔ ዐይነቱ ሰው አልነበረምና አልወቅሳቸውም። አሁን ዘመዶቼ ከውጭ አገር ሲመጡ በካርቶን የታሸገውን የፕላስቲክ ሞዴል ያመጡልኛል። መጠኑ አንድ ለሰባ ሁለት ነው። ይኸም ማለት በእጄ ካለው ትንሽ አይሮፕላን ላይ አንድ ሚሊሜትር፣ በእውነተኛው ላይ 7 ሴንቲሜትር ከ2 ሚሊሜትር ነው። አንድ ሚሊሜትር የተሳሳትሁ እንደ ሆነ፣ በእውነተኛው አይሮፕላን ላይ አራት ጣት ያህል ተሳሳትሁ ማለት ነው።

አራት ጣት ምን ያደርጋል? የሚል ሰው የኤፍ-86ን ታሪክ ይስማ። ሴበር የተባለው ይኸ አሜሪካ ሠራሽ ጄት፣ በኮርያ ጦርነት ጊዜ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1952፣ ክንፉ ተለወጠ። ለውጡ ምን ነበር ቢባል፣ የክንፉ የፊት ጠርዝ ከአካሉ ጋር በሚጋጠምበት በኩል 15 ሴንቲሜትር፣ በጫፉ በኩል 7 ሴንቲሜትር ተኩል ያህል ወደ ፊት እንዲወጣ ተደረገ። ከሩቅ የሚያይ ሰው ልዩነቱን ፈጽሞ አይለየውም። አይሮፕላኑ ግን በከፍታ ላይ ሳይንገዳገድ ጠበብ አድርጎ መዞር ቻለ። ይኸ ለውጥ በኔ ሞዴል ላይ ስንት ይሆናል? በግርጌው 2 ሚሊሜትር፣ በጫፉ 1 ሚሊሜትር። በኋለኛው ዘመንም እንዲሁ ነው። ኤፍ-16 ብሎክ 15 የሚባለው ሥሪት ሲወጣ የጭራው አግዳሚ ክንፎች በስፋት ጨመሩ፤ አሮጌውን ጭራ አዲሱ ላይ የለጠፈ ሞዴል ሠሪ ነገሩን በሚያውቁ ሰዎች ፊት ማፈሩ አይቀርም።

ሴበር በኛም አገር ነበረ። አየር ኃይላችን ከ1953 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ይዞት፣ በ1954 ዓ.ም. ደግሞ በተባበሩት መንግሥታት ስም ኮንጎ ድረስ ልኮታል። ይኸን ሁሉ የነገሩኝ አጎቴ ናቸው።

አጎቴ የእናቴ ታላቅ ወንድም ሲሆኑ በ1957 ዓ.ም. በ20 ዓመታቸው ደብረ ዘይት አየር ኃይል ገብተው የአይሮፕላን አካል ጠጋኝ ሆኑ። ሞተር አይነኩም ነበር፤ የሳቸው ፋንታ ቆርቆሮው፣ ብሎኑ፣ በሩ፣ መጋጠሚያው ነው። ከሴበር ጀመሩ፤ ከዚያ በ1950ዎቹ መጨረሻ ኤፍ-5ኤ መጣ፤ ከዚያ በደርግ መጀመሪያ ኤፍ-5ኢ መጣ፤ ከዚያ አሜሪካኖቹ ሄደው ሶቪየቶቹ ሚጎቹን ይዘው ሲመጡ ሁሉንም ነገር በአዲስ ቋንቋ እንደገና ተማሩ። በ1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተን እሳቸውም ከሌሎቹ ጋር ወደ ቤታቸው ተሸኙ። ሚስታቸው ካረፉ በኋላ እኛ ዘንድ መጥተው ይኖራሉ። ዓይናቸውን ግላኮማ ወስዶባቸዋል፤ ብርሃንና ጨለማን ብቻ ይለያሉ። ራዲዮናቸውን ከጆሮአቸው አያርቁም። ከቦሌ የተነሣ አይሮፕላን ሲያልፍ ግን ድምፁን ዝቅ አድርገው ያዳምጣሉ።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

ከሁለት ዓመት በፊት ለአስተርእዮ ማርያም፣ ጥር 21 ቀን፣ ለአጎቴ ስጦታ ላበረክትላቸው አሰብሁ። ኤፍ-5ኢን እንደሚወዱት አውቃለሁ። በእጄ የነበረው ሞዴል ግን ኤፍ-5ኤ ነው። ጊዜው አጠረኝ፤ የኢን ሞዴል ከውጭ ማስመጣት ወራት ይፈጃል። ታዲያ ምን አደረግሁ? በክንፉ ጫፍ የነበሩትን የነዳጅ ታንኮች ቆርጬ በቦታቸው ሚሳይል ሰካሁ፤ አረንጓዴና ቡናማ ቀለም ቀባሁት፤ አረንጓዴ፣ ብጫ፣ ቀይ ክብ ምልክታችንን ለጠፍሁበት፤ ኤፍ-5ኢ ነው አልሁ። ዓይን ለሌለው ሰው የሚበቃ መስሎኝ ነበር። ይኸን መጻፍ ቀላል አይደለም፤ እውነቱ ግን ይኸው ነው።

በዓሉ ቀን ቤቱ በሰው ሞልቷል። ጠላው ተቀድቶ፣ ዳቦው ተቆርሶ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ ሳለ ሞዴሉን በእጃቸው አስቀመጥሁት። «ጋሼ፣ ኢ ነው» አልኋቸው። ጣቶቻቸውን ከአፍንጫው ጀምረው ቀስ ብለው ወደ ኋላ ወሰዱ። ክንፉ ከአካሉ የሚጋጠምበት ቦታ ሲደርሱ ቆሙ። ወደ ጎኑ ሄዱ። እንደገና ወደ ክንፉ ተመለሱ። ከዚያ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ ልጄ» ብለው ከራዲዮኑ አጠገብ አስቀመጡት። ሰው ሁሉ አጨበጨበ።

ማታ እንግዳው ከሄደ በኋላ ጠሩኝ።

«ይኸ አይሮፕላን ኤ ነው» አሉኝ።

«እንዴት አወቁት ጋሼ?» አልሁ፤ ክጄ ልከራከር ፊቴ አልቆመልኝም።

«አሥር ዓመት ሙሉ በእጄ ያጠብሁትን ገላ አላውቀውም?» አሉ። ቀጥለውም ዝም ካሉ በኋላ እንዲህ አሉ፦ «በ69 ሐምሌ አንድ ልጅ በኢ ሄደ። ጠዋት መሰላሉን የያዝሁለት፣ ቀበቶውን ያጠበቅሁለት እኔ ነበርሁ። ማታ አልተመለሰም። እኔ ኢን ስነካ የምነካው የሱን ነው። ኤ ስጠኝ፣ ኤን እወዳለሁ። ግን ኤን ኢ ነው አትበለኝ።»

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ስለዚያ ጦርነት አንባቢ ያውቃል። ሐምሌ 1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ኦጋዴንን ሲወር በአየር የመጣው በሚግ-17ና በሚግ-21 ነው። ከኛ ወገን የገጠሙት ኤፍ-5ዎች ናቸው። ብርጋዴር ጄኔራል ለገሠ ተፈራ ስማቸው እስከ ዛሬ የሚነሣው በዚህ ውጊያ ሚጎችን በመጣላቸውና ኋላም ተመትተው ወድቀው በሶማሊያ እስር ቤት 11 ዓመት በመቆየታቸው ነው። በወረቀት ላይ ሚጉ በፍጥነት ይበልጥ ነበር። ታዲያ ኤፍ-5ኢ በምን ቻለው? አብራሪዎቹ የሠለጠኑ መሆናቸው ዋነኛው ነገር ነው፤ እሱን ማንም አይክደውም። ከዚያ በኋላ ግን አጎቴ ጣታቸውን ያቆሙበት ቦታ ይመጣል።

ኤና ኢ ከሩቅ መንታ ይመስላሉ። ርዝመታቸው 14.38 ሜትርና 14.45 ሜትር ነው፤ ልዩነቱ በኔ ሞዴል ላይ አንድ ሚሊሜትር ብቻ። ነገር ግን የኢ አካል ወርዱ ሰፍቷል፤ ከዚህም የተነሣ ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ 7.70 ሜትር የነበረው 8.13 ሜትር ሆኗል፤ በሞዴሉ 6 ሚሊሜትር መሆኑ ነው። የሰፋበት ምክንያት የበለጠ ነዳጅና የበለጠ ሞተር ለመያዝ ነው፤ የእያንዳንዱ ሞተር ግፊት ከ1,850 ወደ 2,270 ኪሎ ግራም ያህል ከፍ ብሏል። ኤ ራዳር አልነበረውም፤ ኢ በአፍንጫው ውስጥ ትንሽ ራዳር ይዟል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ክንፉ ከአካሉ በሚጋጠምበት በኩል፣ ወደ ፊት ሾጥጦ የሚወጣው ስስ ሦስት ማዕዘን ነው። ኤም ትንሽ ነበረው፤ የኢ ግን ሰፋ ያለ ነው።

የዚህን ሦስት ማዕዘን ሥራ በእንጦጦ ማየት ይቻላል። በጥር ወር ነፋሱ ከሰሜን ሲመጣ የቤቱን ማዕዘን ይመታና አቧራውን አዙሮ አዙሮ ከግድግዳው ጎን እንደ ገመድ ይገምደዋል። አይሮፕላኑም አፍንጫውን አንሥቶ በኃይል ሲዞር፣ ከዚያ ከሾለው ጠርዝ ላይ አየሩ ይጠማዘዝና በክንፉ ጀርባ ላይ እንደ ገመድ ተገምዶ ያልፋል። ይኸ የተገመደ አየር የክንፉን አየር ከክንፉ ጋር አጣብቆ ይይዘዋል፤ ያለሱ አየሩ ከክንፉ ተላቅቆ አይሮፕላኑ መውደቅ ይጀምራል። ስለዚህ ኢ ጠበብ አድርጎ ይዞራል። ጠበብ አድርጎ የሚዞር ደግሞ ከጠላቱ ጀርባ ይገባል። በኔ ሞዴል ላይ ይኸ ሁሉ ነገር ከአውራ ጣቴ ጥፍር የማይበልጥ ፕላስቲክ ነው።

በማግስቱ የኢን ሞዴል እንዲልክልኝ ዋሽንግተን ላለው የአጎቴ ልጅ ደወልሁ። ከአምስት ወር በኋላ ደረሰኝ። ካርቶኑን ስከፍት ደግሞ ሌላ ጣጣ ገጠመኝ፤ የተሠራው በኋለኞቹ የኢ ሥሪቶች ልክ ነው። ፋብሪካው በመጨረሻዎቹ ዓመታት አፍንጫውን እንደ ሻርክ አፍ ጠፍጠፍ አድርጎት፣ ያንንም ሦስት ማዕዘን ይበልጥ አስፍቶት ነበር። የኛዎቹ የመጡት ከዚያ በፊት ስለ ሆነ አፍንጫቸው እንደ ሾላ ድፍን ክብ ነው። እንግዲህ ኤን ኢ ማድረግ ሳይሆን፣ የኋለኛውን ኢ ወደ ፊተኛው መመለስ ሥራዬ ሆነ።

አፍንጫውን በምላጭ ቆርጬ ጣልሁት። በምትኩ ሰም ቀርጬ፣ በጄሶ ቀልብሼ፣ ጥርስ በምሠራበት ሮዝ አክሪሊክ አፈሰስሁት። ቤቱ እንደ ጥርስ ሐኪም ቤት ሸተተ፤ ባለቤቴም ጠረጴዛውን ወደ ውጭ እንዳወጣ አዘዘችኝ። ሦስት ማዕዘኑን በብርጭቆ ወረቀት እየፈገፈግሁ አሳነስሁት። በስንት? እሱን ለማወቅ ፎቶግራፍ አይበቃም፤ ፎቶግራፍ በጎን ተነሥቶ ያታልላል። አጎቴን ጠራሁ። ከዚያ ወዲህ ሥራው የሁለታችን ሆነ።

አጎቴ በሜትር አይናገሩም። «እዚህ ላይ ቆሜ መዳፌን ስዘረጋ ጠርዙ እስከ አንጓዬ ይደርስ ነበር» ይላሉ፤ እኔ አንጓቸውን በካሊፐር ለክቼ ለ72 አካፍላለሁ። «ይኸኛው በር በሁለት ጣት ይከፈታል» ይላሉ፤ ሁለት ጣታቸውን እለካለሁ። ጊዜው ያለፈበት የባንክ ካርድ ውፍረቱ 0.76 ሚሊሜትር ነው፤ በእውነተኛው መጠን 5 ሴንቲሜትር ተኩል መሆኑ ነው፤ ብዙውን ክፍል የሠራሁት ከሱ ነው። የፍጥነት መለኪያውን ቀጭን ቱቦ ከአፍንጫው ፊት ከሲሪንጅ መርፌ አወጣሁት። አንድ ቀን ቀለም ደርቤ ቀብቼ ብሰጣቸው «ቆዳው ወፍሯል» አሉኝ። የቀለሙን ውፍረት ብለካው ከሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ነው። 7 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ቀለም የተቀባ አይሮፕላን በርግጥ የለም። ላጥሁት።

በዚህ መካከል የጎረቤት ልጆች በስልካቸው የሱኮይ-27 ሥዕል እያመጡ «ይኸንስ ለምን አትሠራም?» ይሉኛል። እሱም አገራችን የገባው በ1991 ዓ.ም. ስለ ሆነ የቅርብ ጊዜ ሰው ነው፤ ባለ ሁለት መቀመጫው ቋሚ ጭራዎች ከባለ አንዱ እንደሚረዝሙ አሳየኋቸውና ለጥቂት ቀን ልዩነቱን ሲፈልጉ ሰነበቱ። ከመካከላቸው አንዲት ልጅ ሳትነገራት ለይታ አገኘችው። ተራው ሲደርስ ከሷ ጋር እንሠራዋለን።

ኢ ያለቀው ባለፈው ጥቅምት በአንድ እሑድ ነው። የፊት እግሩን ከፍ አድርጌ ሠራሁት። ይኸም አንዱ የኢ ልዩ ነገር ነው፦ የአፍንጫው እግር ሁለት ቁመት አለው። አብራሪው ሊነሣ ሲል እግሩ ይረዝምና አይሮፕላኑ ገና መሬት ላይ ሳለ አፍንጫው ቀና ይላል፤ ስለዚህ ክንፉ አየሩን ቶሎ ይይዛል። ደብረ ዘይት 1,900 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር ከስድስት አንድ እጁ ያህል የጎደለ ነው። በሳሳ አየር ሞተሩ ይደክማል፣ ክንፉም ይደክማል፣ ሩጫው ይረዝማል። አሜሪካኖቹ ይኸን እግር የሠሩት እኛን አስበው አይደለም፤ ነገር ግን እንደኛ የተጠቀመበት አገር ብዙ አይመስለኝም።

ሞዴሉን በሁለት እጃቸው አስያዝኋቸው። አፍንጫው ላይ ጣታቸው ዞረ፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሦስት ማዕዘኑ ላይ ቆዩ። «ይኸ ነው» አሉ። ወደ ጎኑ ሄዱ፣ ከሞተሩ አጠገብ ያሉትን ቀጫጭን የበር መስመሮች በጥፍራቸው ዳሰሱ። ከዚያ ወደ ፊት እግሩ ወረዱ።

«አፍንጫውን አንሥተኸዋል።»

«አዎ ጋሼ፤ ሊነሣ ሲል ነው።»

«ሊነሣ ከሆነ የጎን በሩ ለምን ተዘጋ?»

ዝም አልሁ። እነዚያ የጎን በሮች አይሮፕላኑ ቆሞ ወይም በዝግታ ሲሄድ ለሞተሩ ተጨማሪ አየር የሚያስገቡ ናቸው። በሩጫው ጊዜ ይከፈታሉ፤ ፍጥነት ሲጨምር ይዘጋሉ። አፍንጫውን አንሥቶ በሩን የዘጋ ኤፍ-5ኢ ደብረ ዘይት ላይ ታይቶ አያውቅም።

«ሞተሩ ይታፈናል» አሉ። «ወይ አፍንጫውን አውርደው፣ ወይ በሩን ክፈተው።»

«የትኛውን ላድርግ?»

መልስ እስኪሰጡኝ ድረስ ራዲዮኑ አንድ ዘፈን ጨረሰ።

«ክፈተው» አሉ።

ሞዴሉን ወደ ጠረጴዛዬ መለስሁት። በሩ እንደ ቆጥ ተደራርበው የተደረደሩ ስስ ዝንጣፊዎች ናቸው፤ የተቀረጸውን መስመር በመርፌ ጫፍ በስቼ፣ ከሲጋራ ብር ወረቀት እየቆረጥሁ በወረንጦ አንድ በአንድ ዘንበል አድርጌ መትከል ነበረብኝ። የመጀመሪያው ተቀደደ። ሁለተኛው ትንፋሼ ወሰደው። የግራው ጎን ሲያልቅ ከማርያም የኪዳን ደወል ተደወለ። የቀኙን በማግስቱ ጨረስሁት።